ያልተከደነው ዓይን

አንዷለም የሞተው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደደፋ ነበር።

የሚሽከረከር፣ ክንዱ በቆዳ የተለበጠ የአለቃ ወንበር ነበረው። «ቆቦ ላይ እንዲህ ያለ ወንበር ያለው ሰው ካለ ጥሩልኝ!» እያለ ይፎክርበታል። አሁን በዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቷል። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። የተመታበት ነገር እግሩ ሥር ወድቋል፤ መብራት ሲዋዥቅ ኮምፒዩተር እንዳይቃጠል የሚገጠም አሮጌ ስታቢላይዘር ነው፣ ክብደቱ የወፍጮ መጅ የሚያህል። ቬንትሌተሩ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ወደ ሬሳው ዞሮ ያራግባል፣ ተመልሶ ወደ በሩ ያራግባል።

ዋና ሳጅን ትርንጎ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ቆመች። በቆቦ ፖሊስ ውስጥ ጠጉሯ የሸበተ መርማሪ ናት። በእርሻ ድንበር የሞተ አይታለች። በመስኖ ውሃ ተራ የሞተ አይታለች። በሴት የሞተማ ስንቱን ነው። ጌም ሲጫወት የሞተ ግን ዛሬ ገና ማየቷ ነው።

«አሁን ይኼ ምን ላይ እያለ ሞተ ይባላል?» አለች።

«ሥራ ላይ ነዋ፣ እትዬ» አለ ረዳቷ ኮንስታብል ሞላ። «የጌም ቤቱ ባለቤት እኮ እሱ ነው።»

«ሥራ!» አለች፤ ቃሉን ከምስር ውስጥ እንደወጣ ጠጠር ተፋችው።

የሟቹን የሸሚዝ ኪስ ስትፈትሽ የአውቶቡስ ትኬት አገኘች። ለነገ ቅዳሜ የተቆረጠ፣ መድረሻው አዲስ አበባ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ጥቁር ጫካ ውስጥ አንድ ጋሻ የያዘ ሰውዬ መሬት ላይ ተዘርሯል። በስተግራ አራት ስሞች ተደርድረዋል። ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ በወርቃማ ፊደል «በአንዷለም የተሠራ» ይላል።

ኢንተርኔት ቆቦ ደርሶ ጥቂት ጎረምሶችን ከፀሐይ ያስጣለበት ዘመን ነው፤ ሁለት ሺህ ስድስት። አባቶቻቸው በዚያ ሙቀት ማሽላ ሲያርሙ፣ ልጆቹ ከሰው አገር ልጆች ጋር ቡድን ገጥመው የሌለ አውሬ ያድናሉ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት አዳራሹ፣ ኮምፒዩተሮቹ በኮምፔንሳቶ እየተከለሉ የተደረደሩበት። ከመጋረጃው ወዲያ የአንዷለም ክፍል። ከመጋረጃው አጠገብ ደግሞ የጥገና ጠረጴዛ አለ፤ ስታቢላይዘሩ የተነሳው ከዚያ ላይ ነው። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሌላ በር የለም። ዛሬ ዓርብ ቀትር ላይ ቤቱ ለሌላ ሰው ተዘግቶ አራቱ የቡድኑ አባላት ብቻ ነበሩ፤ አንዷለም፣ ፍቅሩ፣ ሜሮንና ነጅሙዲን።

ውጭ ጩኸት ተነሳ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ሙሉጌታ ከሮቢት ደርሷል፤ ክላሹን አንግቷል፣ ዘመዶቹም ከኋላው አሉ።

«ያንን የነጋዴ ልጅ አውጡልኝ!» ይላል። «ነጅሙዲን የሚሉትን! እናንተ ካላወጣችሁት አባቱም አጎቱም አለልኝ!»

ትርንጎ ብቅ አለች። «ገዳዩ ነጅሙዲን ነው ብሎ የነገረህ ማነው?»

«ፍቅሩ ደውሎ ነገረኝ። ጠዋት ተጣልተው ነበር። ሬሳው ላይ ቆሞ የተገኘውም እሱ ነው!»

«ፍቅሩ መርማሪ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ሙሉጌታ ክላሹን አቀባበለ። ያኔ ሼህ መህዲ በሕዝቡ መሐል አልፈው መጡ። ዘወልድ ናቸው፤ ራያ ላይ ደም ሲቃባ የሚያደርቁት ሽማግሌዎች እንዲህ ነው የሚባሉት። እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ያከብራል። በትራቸውን በክላሹ አፈ ሙዝ ፊት ተከሉ።

«ልጄ ሙሉጌታ፣ ወንድምህ አፈር አልለበሰም። ሬሳ ሜዳ ላይ ትቶ ተኩስ ከየት የመጣ ወግ ነው?»

«ደሙ ይጮሃል፣ አባባ!»

«ይጩህ። ነገ እስኪቀበር ቃልህን ስጠኝ። ከዚያ ወዲያ አላግድህም።»

ሙሉጌታ አፈ ሙዙን ዝቅ አደረገ። «እስከ ቀብሩ» አለ። «አፈሩ ሲመለስ ግን ማንም እንዳያቆመኝ።»

ሼህ መህዲ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ሰማሽ አይደል፣ ልጄ? እስከ ነገ ነው ያገኘሁልሽ። እውነቱ ካልተገኘ ነገ የምንቀብረው አንድ ሰው አይሆንም።»

*

መጀመሪያ የቀረበው ፍቅሩ ነው። የቤቱ ቴክኒሻን፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር ጣቶቹን የሚያፍተለትል።

«ይህን ነገር ለመረዳት ትንሽ ይከብድዎታል፣ ሳጅን» አለ።

«አንተ የተረዳኸው ነገር ከሆነ ብዙ አይከብድም። ቀጥል።»

ፊቱ ቀላ። «ጌሙ ብቻውን ስለ ጓደኞችዎ ብዙ አይነግርዎትም። አድኦን የምንለው ተጨማሪ ፕሮግራም ከላዩ ላይ ይለጠፋል። በግራ በኩል የሁሉም ስም አለ። ከስሙ ሥር ያለው አረንጓዴ መስመር ላይፍ ነው፤ የቀረው ሕይወት። ሲመታ ያጥራል፣ ሲታከም ይረዝማል። ጓደኛዎ ምን ላይ እንዳለ ፊቱን ሳያዩ ያውቃሉ።»

«ፊቱን ሳያዩ። ጎበዝ። ዛሬስ አንተ ምን ላይ ነበርክ?»

«ትልቁን አውሬ ስንገጥም ከሜሮን ጎን ነበርኩ፣ ከፊት። አንድም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሜሮንን ይጠይቋት። ነጅሙዲን ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰ፣ ቀጥታ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ጩኸት ሰማን።»

«አንዷለም ነገ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር፤ ለምን?»

ጣቶቹ ቆሙ። «የግል ጉዳዩን አላውቅም» አለ።

ሜሮን ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ገባች። አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ናት። ቡድኑ ውስጥ ሥራዋ ማከም ነው፤ የቆሰለውን ታድናለች።

«ፍቅሩ አልተነሳም» አለች። «እምላለሁ፣ ሳጅን፤ እስከ መጨረሻው አብሮኝ ነበር። አንዷለምም ደኅና ነበር። ‹ሜሮን፣ አክሚኝ እንጂ፣ እጅሽ ደረቀ?› እያለ ከውስጥ ሲጮህብኝ በማዳመጫው ላይ አልፎ ይሰማኝ ነበር። አውሬው ሲወድቅ በስልኬ ሁሉ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ሌሎች መጡብን። የአንዷለም ላይፍ ዝም ብሎ ወረደ፣ ወረደና አለቀ። አይከላከልም። ንቆን ነው ብዬ ሰደብኩት።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሞቶ እያለ ሰደብኩት።»

«በሕይወት ሳለስ የሚሰደብ ሰው ነበር?»

ሜሮን አፍንጫዋን ጠረገች። «ሰውን ሁሉ ይንቃል። እኔን ‹ነርሷ›፣ ፍቅሩን ‹ሽቦ ቀጣዩ› ነው የሚለን። አድኦኑን የሠራው ፍቅሩ ነው፤ አንዷለም ግን የራሱን ስም ጻፈበት። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ወደዱትና ሠሪው ይምጣልን አሉ። ሊሄድ የነበረው ለዚያ ነው። ትናንት ትኬቱን እያውለበለበ አዳራሹን ዞረው።»

«ፍቅሩስ?»

«ሳቀ።»

«እህ» አለች ትርንጎ። «ፎቶውን አሳዪኝ።»

በፎቶው ላይ አራት መስመር አለ። የሜሮን ከግማሽ በታች ነው፣ የአንዷለም ግማሽ። የፍቅሩ ሙሉ ነው፣ የነጅሙዲንም ሙሉ። ትርንጎ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ፍቅሩ ከፊት ነበርኩ ብሎኛል። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም?»

«እኔንም ገርሞኛል። ዛሬ ጎብዟል አልኩ።»

«ደግሞስ፣ ቤቱን ዘግታችሁ ልትጀምሩ ስትሉ የተለየ ነገር ነበር?»

«ምንም። ፍቅሩ አድኦኑ ላይ ያሻሻልኩት አለ፣ አጥፍታችሁ አብሩ አለን። አጥፍተን አበራን፣ በቃ።»

ነጅሙዲን ጣቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ፖሊሶቹ የሙሉጌታን ክላሽ ፈርተው አስቀምጠውታል። ነጭ ጀለቢያው ላይ የአቧራ እንጂ የደም ምልክት የለም። ትርንጎ ይህን አየች፣ ግን አልተደገፈችበትም፤ ሙሉጌታ በጀለቢያ ንጣት የሚያምን ሰው አይደለም።

«ለምን ገባህ እሱ ዘንድ?»

«ልተወው ነበር፣ እትዬ። ቡድኑን። ወላሂ መናገር እንኳ ደክሞኝ ነበር።» ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አድኦኑ ላይ የተከደነ ዓይን የሚባል ምልክት አለ። ሰው ከኪቦርዱ ሲነሳ ከስሙ ጎን ይመጣል። ለሶላት በተነሳሁ ቁጥር ‹ነጅሙ ዓይኑን ከደነ፣ ግነዙት!› እያለ ሰው ያስቅብኛል። ዛሬ ጠዋት ሻይ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ያንኑ አለኝ። አንገቱን ልይዘው ነበር፣ ፍቅሩ ገላገለን።»

«ጁምዓ ስትሄድ ኮምፒዩተርህን አጠፋኸው?»

«አይቻልም። ካጠፋሁት ጌሙ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። ሰውዬዬን እዚያው ጌሙ ላይ፣ ሰፈሩ ውስጥ ገትሬው ሄድኩ። ኢማሙም ያውቃል፣ ጀመዓውም ያውቃል፣ እስከ መጨረሻው ነበርኩ። ተመለስኩና መጋረጃውን ገለጥኩ… ኢንናሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።» ቀና ብሎ አያት። «እኔን ይግደሉኝ፤ ግድ የለም። አባቴ ግን ሱቁን ከፍቶ ነው የተቀመጠው። ዝጋ ብለው ‹ያልሠራሁትን አልሸሽም› አለ። እሱ ምን አደረገ?»

ትርንጎ ወደ ጌም ቤቱ ተመልሳ ሜሮንን በቦታዋ፣ ሞላን በነጅሙዲን ወንበር አስቀመጠችና አንድ ነገር እንዲሞክሩ አዘዘቻቸው። ሞላ ማውሱን እንደ ሚስማር ጨብጦ ላቡን አንጠፈጠፈ። ሲጨርሱ ትርንጎ አንዴ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

*

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቱ በፊት፣ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሉጌታ ክላሹን ታቅፎ በሩን ይዟል። ሼህ መህዲ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ነጅሙዲን በሁለት ፖሊስ መሐል ቆሟል። ፍቅሩ ከግድግዳው ተደግፏል፣ ሜሮን ወንበሯ ላይ አቀርቅራለች።

«ቶሎ በይ» አለ ሙሉጌታ። «ልቅሶ ላይ ነን።»

«አንተ ስትጨርስ የሌላ ሰው ልቅሶ ይጀመር ነበር፤ ስለዚህ ታገሥ።» ትርንጎ መሐል ቆመች። «ሜሮን፣ ፍቅሩ ከወንበሩ አልተነሳም ብለሽ ምለሻል። ወንበሩ የቱ ነው?»

ሜሮን ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ያለውን አሳየች፤ እጅ ቢዘረጉ ይደረስበታል።

«ዞር ብለሽ አየሽው?»

«አይ… ጨዋታው ላይ…»

«ድምፁን ሰማሽ?»

«ማዳመጫ ነበረኝ።»

«ታዲያ መኖሩን በምን አወቅሽ?»

ሜሮን ወደ ስክሪኗ አየች። «በመስመሩ» አለች ቀስ ብላ። «ሙሉ ነበር።»

«ይሰማል፣ ጎበዝ? ክንዷ ሥር የተቀመጠ ሰው መኖር አለመኖሩን የምታውቀው በአረንጓዴ ጭረት ነው። ትልቁ ጥበባችሁ ይኼ ነው!» ትርንጎ ወደ ሞላ ዞረች። «አሳያቸው።»

ሞላ በነጅሙዲን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰውዬውን ከሜሮን ሰውዬ አርቆ ወደ ጫካው ነዳው። አውሬዎች ከበቡት። በሞላ ስክሪን ላይ መስመሩ እያጠረ፣ እየቀላ ሄደ፤ ሰውዬው ተዘረረ።

«አሁን የሜሮንን እዩ።»

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። በሜሮን ስክሪን ላይ የዚያው ሰውዬ መስመር አረንጓዴ ነው፣ ሙሉ ነው።

«እዚያ ሞቷል፣ እዚህ ጤነኛ ነው» አሉ ሼህ መህዲ። «ይህ ምን ዓይነት ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም፣ አባባ፤ ድንቁርና ነው። ሰውዬው ሲርቅ ማሽኑ ምን እንደደረሰበት አያውቅም። ስለማያውቅ መጨረሻ ያየውን ይዞ ይቀመጣል። እኛም አገር እንዲህ ያለ ምስክር ሞልቷል።» ስልኩን አነሳች። «ይህ ፎቶ አውሬው ሲወድቅ የተነሳ ነው። ነጅሙዲን ያኔ መስጊድ ነው፣ ጀመዓው ሁሉ ያውቃል። የአንዷለም መስመር ግማሽ ነው፣ የሜሮን ከዚያም ያንሳል፤ እነሱ ይዋጋሉ። ሙሉ የሆነው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንደኛው ነጅሙዲን፤ ሰውዬውን ሰፈር ገትሮ ሄዷል። ሁለተኛው ፍቅሩ፤ ከፊት ነበርኩ የሚለው።»

ፍቅሩ ሳቀ። «ጎበዝ ስለሆንኩ ነዋ ያልተመታሁት!»

«ጎበዝስ ነህ። ለዚህ ነው ይህን የምጠይቅህ፤ ነጅሙዲን ከኪቦርዱ ከተነሳ የተከደነው ዓይን የታለ?»

 ሜሮን ስልኩን ተቀብላ አየች። በፎቶው ላይ ከማንም ስም ጎን ዓይን የለም።

«ትናንት ጠዋት ነበር» አለች ትርንጎ። «ነጅሙዲን የተሰደበው በእሱ ነው። ቀትር ላይ የለም። በመሐል የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹አሻሽያለሁ፣ አጥፍታችሁ አብሩ› አልካቸው። ዓይኑን ነቀልከው። ካልነቀልከው ከወንበርህ ስትነሳ በሁሉም ስክሪን ላይ ያሳጣሃል። የራሴን ብቻ ብነቅል ያስጠረጥረኛል ብለህ ከሁሉም ነቀልክ። ነጅሙዲንን ግን ረሳኸው። እሱ እንደሚሄድ ታውቃለህ፣ ደሙን እሱ ላይ ልታላክክም አስበሃል፤ ዓይኑ በስሙ ላይ መምጣት እንዳለበት ግን አላሰብክም።»

«ይህ… ማሽኑ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል!»

«የሠራኸው አንተ ነህ። ይበላሻል?»

ፍቅሩ ሊመልስ ፈለገ። ትርንጎ ግን አፉን ቀደመችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በንቀት።

«እንዲያውም እውነት ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ የተጻፈው የአንዷለም ስም ነው። እሱ ራሱ ሠርቶት ይሆናል። አንተ ሽቦ ስትቀጥል…»

«እኔ ነኝ የሠራሁት!» ፍቅሩ ጮኸ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «እሱ አንዲት መስመር መጻፍ አይችልም! በኔ ሥራ ላይ ስሙን ለጥፎ፣ በኔ ሥራ አዲስ አበባ ሊሄድ! ‹አንተ እዚሁ ወንበሬን ጠብቅ፣ ሽቦ ቀጣዩ› አለኝ። ሲሞት እንኳ ዞሮ አላየኝም። ከኋላው ቆሜ ሁለት ጊዜ ‹ፍቅሩ ነኝ› ብለው፣ ‹ላይፍህ ሙሉ ነው፣ ምን ፈለግህ? ተመልሰህ ተዋጋ› አለኝ። ዞር አላለም!»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማው አፉን በእጁ ያዘ። ዘግይቷል።

ሙሉጌታ ተንቀሳቀሰ። ሼህ መህዲ ግን በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ሳይነሱ፣ «ቃልህ እስከ ቀብሩ ነው» አሉት። «ከቀብሩ ወዲያም ይሄኛው የመንግሥት ነው። ከቤተሰቡ ጋር ያለውን እኛ እናየዋለን።»

ሞላ የፍቅሩን እጅ አሰረ። ፍቅሩ በሜሮን ወንበር አጠገብ ሲያልፍ፣ ሜሮን ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲህ አይታው አታውቅም። አገጩ ላይ ጠባሳ አለ።

«ለቀለም ጭረት!» አለች ትርንጎ ከኋላው። «አንዱ በሰረቀው ይኮራል፣ አንዱ ለሠራው ይገድላል። ሁለታችሁም ማሽላ ጠባቂ ብትሆኑ ወፎቹ እንኳ ያተርፉ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ሙሉጌታ፣ ነጅሙዲንና ሼህ መህዲ ቀሩ። ሙሉጌታ መሬት መሬት ያያል። ከሩቅ የልቅሶው ድምፅ ይሰማል፤ ሬሳው ሊነሳ ነው።

«ቀብሩ…» አለ ሙሉጌታ። «ትመጣለህ?»

ነጅሙዲን ክላሹን አየ።

«ወንድምህ በቁሙ ሲያዋርደኝ ኖረ» አለ። «አንተ ደግሞ አባቴን ልትገድል አድረሃል፤ በስልክ በሰማኸው። እንግዲህ ጎረቤት ነው፣ እቀብረዋለሁ። ግን በክላሽ ታጅቤ ሬሳ አልሸኝም።»

ሙሉጌታ ፊቱ ጠቆረ።  ከዚያ የክላሹን ማንገቻ ከትከሻው አወለቀ፣ ጥይቱን አወጣ፣ መሣሪያውን በሁለት እጁ ለሼህ መህዲ አቀበለ።

ነጅሙዲን የጀለቢያውን አቧራ አራገፈና ቀድሞ ወጣ። በመንገዱ ላይ አባቱ ሱቁን እየዘጋ ነበር፤ ለቀብር።